ለጥንካሬ የተባለው ቡርቡር

ሰኞ፣ በ4

ይህን ደብተር የሰጡኝ የኮሚቴውን ነገር እንድመዘግብበት ነው። ለሦስታችንም አንድ አንድ አደሉን፣ ከነእስክሪብቶው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጣውላ ላይ ልኬት ለመጻፍ ያህል ነው። ቢሆንም የጻፍኩትን እኔ ካነበብኩት ይበቃል። ስለዚህ የነሱን ሳይሆን የራሴን እጽፍበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህር፣ ሰው ከሱ በፊት ከነበሩ ፍጥረታት ቀስ በቀስ እየተለወጠ መጣ ብሎ ያስተምራል። ወላጆች ተነሡበት። “ሰውን ያበጀ አንድ አዋቂ ንድፍ አውጪ አለ የሚለውንም እኩል አስተምር” አሉት። “እሱ ተፈትኖ የሚታይ ነገር ስላልሆነ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አላስተምረውም” አለ። አቤቱታ ጻፉበት። አሁን ከክፍል ይውጣ አይውጣ የምንለው የኮሚቴው ሰዎች ሦስት ነን። አንደኛዋ ፋርማሲስቷ ናት፤ ከመምህሩ ጋር እንደሆነች ማንም ያውቃል። ሁለተኛው የወላጆች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ከከሳሾቹ ጋር እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሦስተኛው እኔ አናጢው። “ገለልተኛ” ብለው ነው የመረጡኝ።

ገለልተኛ! ማንም የማይጠይቀው ሽማግሌ ለማለት ነው።

መምህሩ ከወጣ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ጠመኔ ሲያድል ይኖራል አሉ። በከተማው ሌላ ትምህርት ቤት የለም፣ የሚቀጥረውም የለም። የሱ ጉዳይ ነው። አንዱ ድንጋይ የሆነ አጥንት አንሥቶ ይምላል፣ ሌላው ሰማይ ሰማይ እያየ ይምላል። ሁለቱም ግን በር ቢጎረብጥ መላግ አያውቁም።

ረቡዕ፣ በ6

ኮላ መጣ። የከሳሾቹ መሪ እሱ ነው። ዛሬ የትልቁ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት ነው፣ ዱሮ ግን እኔ ዘንድ መላጊያ መያዝ የተማረ ነው። ኮላ ያልነው የትም ብሄድ እንደ ማጣበቂያ ስለሚጣበቅብኝ ነበር። አሁን በመኪና መጥቶ ይጣበቃል።

“ጋሼ፣ ይህ ክርክር እኮ ለርስዎ ገና ሲጀመር ያለቀ ነው” አለኝ። “ወንበር ያለ አናጢ ይገኛል?”

“አይገኝም።”

“ታዲያ ሰው?”

“ሰው ወንበር ነው እንዴ?”

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ዓይኑ ሥራ ላይ ነው። “እርስዎ ያልሠሩት ወንበር በዚህ ከተማ የለም። የኔም የሌላውም የወንበር ፎርማ የተቀዳው ከርስዎ ነው። አባታችን ነዎት” አለ። የሚልስ ምላስ ነው። አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ሲያወራ ግን አላባረርኩትም። የማባርርበት ምክንያት ስላልነበረኝ ነው እንጂ ወሬው ጥሞኝ አይደለም።

ሐሙስ፣ በ7

ልጄ መጣች። የሳሎኑ አምፖል ተቃጥሎ ነበር። የለስላሳ ሳጥን ከጎረቤት ተውሳ መጥታ፣ እሱ ላይ ቆማ ቀየረችው። እኔ የሠራኋቸው ስድስት ወንበሮች ባሉበት ቤት! “ምን ማለትሽ ነው?” አልኳት። “ምንም” አለች። ሻይም አልጠጣችም።

ወንበር ለመቀመጫ ነው፣ ለመቆሚያ አይደለም። ይህንን ሁልጊዜ ተናግሬአለሁ።

ማክሰኞ፣ በ12

ዛሬ ክፍል ውስጥ ገብቼ መምህሩን አየሁ። ፋርማሲስቷ ናት “ሳናየው አንፍረድ” ያለች። እኔና እሷ ኋላ ተቀመጥን። ጸሐፊው አልመጣም፣ ሳያይ አውቆ ጨርሷል።

መምህሩ ቀጫጫ ነው፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። አርባ ልጆች አሉት። ከፊቱ አምስት ወንበሮች ደርድሯል፣ ከአምስት የተለያዩ ሱቆች የመጡ። ሁሉንም ገለበጣቸው። ከመቀመጫው ዝቅ ብሎ፣ በኋላ እግሩ ላይ፣ ጣት የሚያስገባ ቡርቡር አላቸው። አምስቱም።

“ይህ ቡርቡር ምን ይሠራል?” አለ።

አንዷ “ለመሸከሚያ” አለች። ጣቷን ከታ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሌላው “ለጌጥ” አለ። “ከኋላ ማን ያየዋል፣ አንተ ከወንበር ሥር ነው እንዴ የምትኖረው?” ብለው ሳቁበት።

መምህሩ እንዲህ አለ። “አምስት አናጢዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አንድ ዓይነት የማይጠቅም ነገር አይፈጥሩም። ሁሉም ከአንድ ቀዳሚ ገልብጠዋል። የጋራ ስሕተት የጋራ ምንጭን ይጠቁማል። እኛና ሌሎች እንስሳት ሰውነታችን ውስጥ አንድ ዓይነት የተበላሸ የዘረ መል ጽሑፍ በአንድ ዓይነት ቦታ ተሸክመን ስናገኝ እንዲሁ እናስባለን። ወንበሮቹም እንደ እንስሳት ናቸው።”

ደሜ ፈላ። የማይጠቅም! ብድግ አልኩ።

“ወንበር አይወልድም!” አልኩት።

ልጆቹ ክፍሉን በሳቅ አናጉት። እሱ ግን አልሳቀም። ቆሞ አሰበ። ዝም ብሎ አሰበ፣ በአርባ ልጆች ፊት። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የጻፈውን አጠፋ። “አባባ ትክክል ናቸው” አለ። “ተሳስቻለሁ። ወንበር ሠሪ አለው፣ አይወልድም። እንደ እንስሳት ነው ማለቴ ስሕተት ነው። ከዚህ ምሳሌ መውሰድ የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጋራ ስሕተት የጋራ ምንጭን ይጠቁማል። ሌላውን ሰርዙት።” ልጆቹ ሰረዙ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አባባ፣ ባለሙያው እርስዎ ነዎት። ቡርቡሩ ጥቅም አለው?”

“አለው። ለጥንካሬ ነው” አልኩ።

“ለጥንካሬ” ብሎ በጠመኔ ጻፈ። “እንግዲያው ይህም ምሳሌ ወደቀ። ሌላ እናመጣለን።”

ተቀመጥኩ። ፋርማሲስቷ ስታየኝ ነበር።

ረቡዕ፣ በ13

“ተሳስቻለሁ” አለ። በአርባ ልጆች ፊት። ምን ዓይነት መምህር ነው? እኔ ለአንድ ተማሪዬ እንዲህ ብዬ አላውቅም። መጋዝ ጣቴን በልቶኝ እንኳ “ሆን ብዬ ነው” ያልኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ዓይነቱን ማን ያከብረዋል?

ልጆቹ ግን አልናቁትም። ሰረዙ፣ ቀጠሉ።

አርብ፣ በ15

የመጀመሪያው ስብሰባ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጄም መጥታ ነበር፣ ሴት ልጇ እዚያው ስለምትማር። አጠገቤ ሳይሆን በሩ ጋ ተቀመጠች።

ኮላ ተነሣ። የኔን ወንበር አዝሎ ነው የመጣው። ወደ ላይ አንሥቶ እያዞረ፣ “ይህ መምህር ለልጆቻችን ምን አላቸው? ‘ይህ ቡርቡር የማይጠቅም ስሕተት ነው’ አላቸው። የሠራው ሰው ግን ተነሥቶ ‘ለጥንካሬ ነው’ አለ! እንግዲህ የሰው አካል ላይም የማይጠቅም የሚለው ሁሉ ጥቅሙን እሱ ስላላወቀ ነው። ስሕተት የለም። ሠሪው ያውቃል!” አለ። ሰው አጨበጨበ። ለኔ ነው ያጨበጨበው። ሠላሳ ሰው ዞሮ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ።

ደስ አለኝ። መጻፌ ለእውነቱ ነው፤ ደስ አለኝ።

ፋርማሲስቷ “ጋሼ፣ እንጨት ሲቀነስ እንዴት ነው የሚጠነክረው?” አለችኝ።

“እኔ ስለ ክኒን ጠይቄሽ አውቃለሁ?” አልኳት። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጸሐፊው ይውጣ አለ። ፋርማሲስቷ ይቆይ አለች። የኔ ቀረ። ሁለት ሳምንት ጠየቅሁ። ሲወጡ ልጄን ፈለግኋት፣ ሄዳለች።

እሁድ፣ በ17

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እንግዲህ ልጻፍ።

ቡርቡሩ ለጥንካሬ አይደለም። ለምንም አይደለም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት የወንበር እግር የምስልበትን የኮምፔንሳቶ ፎርማ ስቆርጥ መሮው አመለጠኝና ጠርዙን በላው። ያን ቀን ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ ልቤ ሥራው ላይ አልነበረም። በምን እንደተጣላን አላስታውስም፣ እሷ ግን ልክ ነበረች። አዲስ ፎርማ መቁረጥ ግማሽ ቀን ነው። ተናደድኩና እግሮቹን በዚያው በተበላሸው ፎርማ ሳልኩ። ኮላ ያኔ ጢም እንኳ ሳያበቅል፣ “ጋሼ፣ ይህ ለምንድነው?” አለኝ። “ለጥንካሬ። የማታውቀውን አትጠይቅ” አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠይቆ አያውቅም። ሲለየኝ ፎርማዬን ገልብጦ ሄደ። ከሱ ሌሎች ገለበጡ። ከተማው ሁሉ ስሕተቴን ቀርጾ ይቀመጥበታል። አንድም አናጢ ጣቱን አስገብቶ ራሱን አልጠየቀም። አህዮች!

እኔስ ለምን አላረምኩትም? አንዴ ለጥንካሬ ካልኩ በኋላ እንዴት ብዬ? ሰው በቃሉ ነው የሚታወቀው።

ደግሞስ ማንን ጎዳ? ሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ተቀመጠበት። ባለቤቴ የወደቀችው መጋረጃ ልትሰቅል ቆማበት ነው። ወንበር ለመቀመጫ ነው። ዳሌዋ ተሰበረ፣ አራት ወር ተኛች፣ አልተነሣችም። ካለፈች ይኸው አራት ዓመቷ። ወንበሩን የዚያኑ ዕለት ማታ አቃጠልኩት። የት ጋ እንደተሰበረ አላየሁም። ጨለማ ነበር።

ማክሰኞ፣ በ19

መምህሩ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ አቁሜ “ልትለምነኝ ነው?” አልኩት።

“አይ አባባ። ልማር ነው።” ደብተር ይዟል፣ ከኔ የባሰ የተቀዳደደ። “ልጆቹ ጠየቁኝ። ቡርቡሩ ወንበሩን እንዴት እንደሚያጠነክረው ማስረዳት አልቻልኩም። በትክክል ልንገራቸው ብዬ ነው።”

“ኮላ ያንተን እንጀራ ሊቆርጥ ቆሞ አንተ ስለ ወንበር እግር ትጨነቃለህ?”

“ያልኳቸው ስሕተት ከሆነ ማረም አለብኝ፣ ብወጣም ባልወጣም።”

ሊሠራ የመጣ ሠራተኛ እንዳለብኝ ነግሬው በሩን ዘጋሁ። ምንም ሠራተኛ የለብኝም።

እንዲህ ዓይነት ደረቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቢለምነኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ በ21

ግቢ ውስጥ። ከአንድ ጣውላ አራት እግር ቆረጥኩ፣ ሁለቱን በቡርቡር፣ ሁለቱን ያለ ቡርቡር። አንዱን ጫፍ በሞርሳ አጠበቅሁ፣ በሌላው ጫፍ ባልዲ አንጠለጠልኩ። ጡብ በጡብ።

ያለ ቡርቡር፦ አሥራ አንድ።
በቡርቡር፦ ስድስት።
ያለ ቡርቡር፦ አሥራ ሁለት።
በቡርቡር፦ ስድስት።

ጣውላው እርጥብ ይሆናል።

አርብ፣ በ22

ደረቅ ጣውላ። ለቡርቡሩ ጉጥ የሌለበትን፣ ምርጡን መረጥኩለት። አደላሁለት። ሰባት ጡብ። ቡርቡሩ ላይ ተሰበረ። ሌላም ቆረጥኩ፣ እዚያው ላይ። ሌላም። ሁሌም እዚያው ላይ።

እንጨት ይሉኝታ የለውም።

ቅዳሜ፣ በ23

ኮላን ጠርቼ ስብርባሪውን አሳየሁት። ታሪኩንም ነገርኩት። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ከዚያ ጥርሱ ተመለሰ።

“ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት?”

“መምህሩ።”

“እሱ ሊያጠምድዎት ነው! ይህን ቢያወሩ ስምዎ ምን ይሆናል? የኔስ ፋብሪካ? ወንበሮቼ ላይ ‘በመምህሬ ፎርማ የተሠራ’ ብዬ ነው የምለጥፈው። ደግሞ ለትልቅ ጉዳይ እኮ ነው። ለፈጣሪ የሚደረግ ክርክር ላይ አንድ ትንሽ ቡርቡር . . .”

“ለፈጣሪ የኔ ውሸት ያስፈልገዋል?”

“እንዲያ አላልኩም።”

“ብለሃል።”

በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። “ጋሼ፣ አርጅተዋል። ያስታወሱት ላይሆን ይችላል።” የሚገርመው፣ እያዘነልኝ ነው የተናገረው። ይህ ነው የባሰ ያበገነኝ።

ረቡዕ፣ በ27

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ከኋላዬ፦ “ሽማግሌው ተገዝቷል አሉ።” “በማን?” “እንጃ፣ በሁለቱም።”

አልዞርኩም። ባልዞርም ድምፁን አውቄዋለሁ፤ ያንተ የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን በሩ የማይገጥመው ቤትህ ጠማማ ስለሆነ ነው፣ ውዬ አድሬ እነግርሃለሁ።

አርብ፣ በ29

ሞርሳውን፣ ባልዲውን፣ ጡቡንና ስምንት እግር በጋሪ ጭኜ አዳራሽ ገባሁ። “ምንድነው ጋሼ፣ ቤት ሊሠሩ ነው?” ብለው ሳቁ። ተራዬን አልጠበቅሁም። ጸሐፊው “በአጀንዳው መሠረት” ሲል “አጀንዳህን ያዝልኝ” ብዬ የሞርሳውን እጀታ አስያዝኩት። ያዘ። ምን ያድርግ።

እግሩ ጫፍ ላይ ባልዲውን አንጠልጥዬ ጡብ መጨመር ጀመርኩ። ሰው ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር፣ እንደ ሕፃን። ስድስት ላይ ቀጭ! ሌላውን፣ ሰባት ላይ ቀጭ! ያለ ቡርቡሩን አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

“ለጥንካሬ ነው ያልኩት ውሸት ነው” አልኩ። “መሮ አመለጠኝ፣ ፎርማዬ ተበላሸ፣ ለማረም ኮራሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸኋችሁ። እናንተም ሳትጠይቁ ገለበጣችሁ።”

ኮላ ተነሣ። “ይህ የወንበር ጉዳይ ነው፣ ሰውን አይመለከትም!”

“አዎን፣ አይመለከትም” አልኩት። “ባለፈው ወንበሩን አዝለህ ስትመጣ ግን ተመልክቶ ነበር።”

ፋርማሲስቷ ሳቋን ለመደበቅ አፏን በእጇ ያዘች። “ላንቺ ብዬ አይደለም” ብዬ እሷንም ተቆጣኋት።

“ስለ ሰው አመጣጥ አላውቅም” አልኩ። “ሠሪ አለ ብዬ አምናለሁ፣ ዛሬም ነገም። የመምህሩ አጥንት ልክ ይሁን አይሁን እኔ አልለካም፣ ጡቡም የለኝ። የማውቀው ይህን ነው። መምህሩ በአርባ ልጆች ፊት ተሳስቻለሁ ብሎ ሰሌዳውን ሲያጠፋ አይቻለሁ። እኔን አምኖ፣ ውሸቴን በጠመኔ ሲጽፍም አይቻለሁ፣ የሚጎዳው ሆኖ ሳለ። ነገ የሚያስተምረው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ለልጆቹ ይነግራቸዋል። ከእናንተ እንዲህ የሚያደርግ ማን አለ? እኔ አልነበርኩም። ይቆይ።”

ሁለት ለአንድ። ጸሐፊው እጀታውን እንደያዘ ነበር።

መምህሩ መጥቶ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። “አባባ፣ አሁን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ላርመው?” አለኝ። ምስጋና የማያውቅ! “አርም” አልኩት።

እሁድ፣ በ1

ኮላ የለጠፈውን ወረቀት ከወንበሮቹ ላይ አስፍቆታል። አዲስ ፎርማ አስቆርጧል፣ ያለ ቡርቡር። ሰው ሲጠይቀው “ዘመናዊ ንድፍ” ይላል። ተሳስቼ ነበር አይልም።

ጠዋት በር ስከፍት ደጄ ላይ ሰባት ወንበር ተደርድሯል። የማላውቃት ሴትዮ “ሽማግሌው፣ ይህ ነገር ሳይገድለን አስተካክልልን” አለች። ሽማግሌው! ጋሼ የሚለኝ ጠፋ። ቡርቡሩን በእንጨት ሞልቼ ከኋላ ጣውላ እደርብበታለሁ። ሰባት ወንበር አሥራ አራት የኋላ እግር ነው። ጀርባዬ አለቀ።

ረቡዕ፣ በ4

ልጄ መጣች። ሃያ ሁለተኛውን ወንበር ስጠግን ቆማ አየችኝ። ሰላምም አላለችኝ።

“አባዬ” አለች። “የእማዬ ወንበር የት ጋ ነበር የተሰበረው?”

“አላየሁም። ጨለማ ነበር።”

መላጊያውን አስቀመጥኩ። መልሼ አነሣሁ። አስቀመጥኩ።

“ቡርቡሩ ላይ” አልኳት። “አይቻለሁ። እሳቱ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ያየሁትን ለራሴም አልነገርኩትም። እናትሽን እኔ ነኝ የገደልኳት።”

እንደምትጮህ ጠበቅሁ። እንደምትሄድም ጠበቅሁ።

“አውቃለሁ” አለች። “እናንተ ሆስፒታል ሳላችሁ ስብርባሪውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። በእጄ ይዤው ነበር።”

“ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?”

“እስክትነግረኝ።”

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። እስኪመሽ ጣውላውን ስትይዝልኝ ቆየች፤ አያያዟ ልክ አይደለም፣ ብነግራትም አልሰማ አለች። አራት ዓመት! እያወቀች፣ በየሳምንቱ እየመጣች፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት፣ ‘እሱ ሳይጀምር ከምናገር ሞቼ እገኛለሁ’ ብላ። እንዲህ ያለ ግትርነት ከማን እንደወረሰች እንጃ።